የረታው ያልገባበት መሬት፦ የአሞና ኮረብታ ጉዳይ

ስለ እስራኤል ሰፈራዎች ወሬ ሲነሣ ቶሎ ይሰፋል። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳል፣ ሌላው የተባበሩት መንግሥታትን ውሳኔ ያነሣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማማ የለም። እኔ ዛሬ የምይዘው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው። ስሙ አሞና ይባላል። 40 ያህል ቤተሰብ የሰፈረበት ትንሽ ቦታ ነው። ግን ለሃያ ዓመት ገደማ የእስራኤልን ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ክኔሴቱን (ፓርላማውን)፣ ፖሊሱንና ተራ በተራ የመጡ መንግሥታትን ሲያምስ ኖሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ፍልስጤማውያን ከረቱባቸው ጥቂት የመሬት ክርክሮች አንዱ ስለሆነ ነው። መንግሥት ራሱ መሬቱ የሰው ነው ብሎ አመነ። ፍርድ ቤቱ ይፍረስ አለ። ሰፋሪዎቹም ወጡ። እንዲህ ያለቀ ጉዳይ በዌስት ባንክ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አሞና ላይ የሆነውን በደንብ ያየ ሰው፣ የፍርድ ቤት መንገድ እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም ይገባዋል።

ቦታው

አሞና ከራማላህ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ነፋሻ ኮረብታ ነው። ከግርጌው ዖፍራ የሚባለው ትልቁ የአይሁድ ሰፈራ አለ። ዙሪያውን ደግሞ የፍልስጤም መንደሮች ናቸው፦ ሲልዋድ፣ ዓይን ያብሩድ፣ ታይቤ። የኮረብታው ማሳ የእነዚህ መንደሮች ሰዎች ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ አካባቢው ከሚያስበው በላይ የታወቀ ነው። የአቤሴሎም ሰዎች በበግ ሸለታው ግብዣ ላይ አምኖንን የገደሉበት በኣልሐጾር፣ እዚያው ከዖፍራ በላይ የሚታየው ተራራ እንደሆነ ይነገራል። ታይቤ ደግሞ፣ ጌታችን ከአልዓዛር ትንሣኤ በኋላ ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠባት ኤፍሬም እንደሆነች በትውፊት ይታመናል። ነዋሪዎቿ ዛሬም ክርስቲያኖች ናቸው። የጥንት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አላቸው፣ ቢራም ይጠምቃሉ። ይህን ያነሣሁት ለማሳመር አይደለም። ሰፋሪው «ይህ የአባቶቼ አገር ነው» ሲል ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። የሲልዋዱም ገበሬ «አባቴ እዚህ ስንዴ ይዘራ ነበር» ሲል ከባዶ አይደለም። የሚለያዩት አንዱ የሚያነሣው ታሪክ ሲሆን ሌላው ከታሪኩ በተጨማሪ በስሙ የተመዘገበ መሬት ያለው መሆኑ ነው። አሞናን የወሰነውም ያ መዝገብ ነው።

መዝገቡ ከየት መጣ?

ዌስት ባንክ እስከ 1967 በዮርዳኖስ ሥር ነበር። ዮርዳኖስ፣ እንግሊዞች የጀመሩትን የመሬት ምዝገባ ቀጥላ ስትሠራ ቆየች። መሐንዲስ ይወጣል፣ ወሰን ይለካል፣ ተከራካሪ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ መሬቱ በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። ሥራው ግን አላለቀም። ከዌስት ባንክ መሬት ሲሶው ያህል ብቻ እንደተመዘገበ የ1967ቱ ጦርነት መጣ። እስራኤል አካባቢውን ከያዘች በኋላ ምዝገባው በወታደራዊ ትእዛዝ ቆመ። የተመዘገበ ተመዘገበ፣ ያልተመዘገበ በእንጥልጥል ቀረ።

ያልተመዘገበው መሬት ላይ የሚሠራው የ1858ቱ የኦቶማን የመሬት ሕግ ነው። አዎ፣ የቱርክ ሱልጣን ሕግ። በዚያ ሕግ ገበሬ መሬቱን ለዓመታት አርሶ ከያዘው መብት ያገኝበታል። ጦም ካሳደረው ግን ወደ ሱልጣኑ ሊመለስ ይችላል። እስራኤል በሱልጣኑ ቦታ ራሷን አስቀመጠች። ያልታረሰ ድንጋያማ ተራራ ሁሉ «የመንግሥት መሬት» ሊባል የሚችልበት በር ተከፈተ።

በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው ግን በ1979 ነው፤ የከፈተው ደግሞ የሚገርም ነገር ነው፦ ፍልስጤማውያን የረቱበት ሌላ ጉዳይ። ናብሉስ አጠገብ ኤሎን ሞሬ የምትባል ሰፈራ ልትቆረቆር ሠራዊቱ የግል መሬት «ለጸጥታ» ብሎ ያዘ። ባለመሬቶቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ራፋኤል ኤይታን ሰፈራው ለጸጥታ ያስፈልጋል አሉ። የቀድሞው ኤታማዦር ሹም ሃይም ባር ሌቭ አያስፈልግም ሲሉ መሰከሩ። ነገሩን የጨረሱት ግን ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እዚህ የመጣነው ለጸጥታ ሳይሆን እግዚአብሔር ለአባቶቻችን የሰጠውን አገር ልንወርስ ነው አሉ። ለዘለዓለም እንኖራለን ብሎ የመጣን ሰው «ለጊዜው ለጸጥታ» ማለት አይቻልምና፣ ፍርድ ቤቱ መሬቱ ይመለስ ብሎ ፈረደ።

ከዚያስ? ኤሎን ሞሬ ተነሥታ ወደ ሌላ ተራራ ሄደች። ዛሬም እዚያ አለች። መንግሥት ደግሞ ትምህርት ወሰደ፦ የግል መሬት ከመያዝ ይልቅ «የመንግሥት መሬት» ብሎ ማወጅ ይቀላል። ከዚያ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዱናም በዚህ መንገድ ታውጇል (አንድ ዱናም 1000 ካሬ ሜትር ነው)። ይህችን የኤሎን ሞሬ ነገር ልብ በሉልኝ። ከ38 ዓመት በኋላ አሞና ላይ ያለቀችው በዚያው መልክ ነው።

ጨረቃ ቤት፣ ግን መብራትና ወታደር ያለው

ዖፍራ የተቆረቆረችው በ1975 ነው። ጉሽ ኤሙኒም የሚባለው የሃይማኖተኛ ሰፋሪዎች እንቅስቃሴ ሰዎች በአካባቢው የጦር ሰፈር ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነው ገቡ። ማታ ማታ ወደ ኢየሩሳሌም ከመመለስ እዚሁ እንደር ብለው በተተወ የዮርዳኖስ ጦር ግቢ ሰፈሩ። ያኔ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሺሞን ፔሬስ ዝም አሉ። «የሠራተኛ ካምፕ» ተባለ። ካምፑ ከተማ ሆነ።

አሞና የዖፍራ ልጅ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤልና ፍልስጤማውያን በሚደራደሩበት በኦስሎ የሰላም ድርድር ዘመን፣ የእስራኤል መንግሥት አዲስ ሰፈራ አልቆረቁርም የሚል አቋም ይዞ ነበር። ስለዚህ አዲስ ሰፈራ በይፋ አይቆረቆርም። ግን ከነበረው ሰፈራ ወጣ ብሎ ያለው ኮረብታ ላይ ጥቂት ካራቫኖች (ተጎታች ቤቶች) ይወጣሉ። ማንም አልፈቀደም፣ ማንም አልከለከለም። አሞና በ1995 እንዲህ ጀመረች።

የእኛ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ ማታ ተሠርቶ ጠዋት የሚገኝ ጨረቃ ቤት ነው። ልዩነቱ አዲስ አበባ ዳር የሚሠራ ጨረቃ ቤት ውሃና መብራት ለማስገባት ዓመታት ይለምናል፤ ግብረ ኃይል ሲመጣም ይፈርሳል። አሞና ግን መንገድ ተጠርጎላት፣ መብራት ገብቶላት፣ ሠራዊት ይጠብቃት ነበር። የቤቶች ሚኒስቴር ለመሠረተ ልማቷ 2 ሚሊዮን ሼቅል ያህል አውጥቷል። አንዱ የመንግሥት እጅ ሕገ ወጥ ናት ይላል፣ ሌላው ገንዘብ ይቆርጥላታል።

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። በ2005 ታሊያ ሳሰን የተባሉ የቀድሞ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ በጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን ታዘው ሪፖርት አወጡ። ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ፈቃድ የሌላቸው ሰፈራዎች ቆጠሩ። ሚኒስቴሮችና ሌሎች የመንግሥት አካላት ሕጉን እየጣሱ እንደሚረዷቸውም ዘረዘሩ። ነገሩን የሚያስገርመው ሪፖርቱን ያዘዙት ሻሮን መሆናቸው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ሮጣችሁ ኮረብታ ያዙ፣ የያዛችሁት የእኛ ይሆናል ብለው ሰፋሪዎችን የቀሰቀሱት እሳቸው ነበሩ።

ዘጠኙ ቤቶች፣ 2006

አሞና ላይ መጀመሪያ የቀረበው ክስ ሙሉውን ኮረብታ አልነካም። ካራቫኑ አልበቃ ብሎ ዘጠኝ ቋሚ የድንጋይ ቤቶች ተገንብተው ነበር። «ሰላም አሁን» የተባለው የእስራኤላውያን ድርጅት በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። መንግሥት፣ ቤቶቹ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ መሠራታቸውን አልካደም። የማፍረሻ ትእዛዝም ቀድሞውኑ ነበረ። የሚጠበቀው ማፍረስ ብቻ ነው።

ቀኑ ግን ክፉ ቀን ላይ ወደቀ። ከስድስት ወር በፊት እስራኤል ከጋዛ 8000 ያህል ሰፋሪዎችን አስወጥታለች። ያኔ ወታደርና ሰፋሪ ተቃቅፈው ሲላቀሱ በቴሌቪዥን ታይቷል። የሰፋሪዎቹ ወጣቶች ያን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ሽማግሌዎቻችን በእንባ አስረከቡን፣ እኛ ግን አናስረክብም አሉ። በመንግሥት በኩልም ሻሮን በጃንዋሪ መጀመሪያ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በቦታቸው የተተኩት ኤሁድ ኦልመርት ምርጫ ከፊታቸው ነበርና ቆፍጠን ማለት ነበረባቸው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2006 ፖሊስ በፈረስና በዱላ ኮረብታው ላይ ወጣ። ጣራ ላይ የተሰለፉ ወጣቶች ድንጋይና ብሎኬት ያወርዱ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ተጎዱ፣ ፖሊሶችም ሰልፈኞችም። ሁለት የክኔሴት አባላት፣ ኤፊ ኤይታምና አርዬህ ኤልዳድ፣ ከተጎዱት ውስጥ ነበሩ። ዘጠኙ ቤቶች በግሬደር ፈረሱ።

ካራቫኖቹስ? እዚያው ቀሩ። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ግጭት የኮረብታውን አንድ ጥግ ብቻ ነው ያጸዳው። በፖለቲካው ግን ትልቅ ሥራ ሠራ። ከዚያ በኋላ የመጣ የእስራኤል መንግሥት ሁሉ «ሌላ አሞና አልፈልግም» ማለት ጀመረ። ስሙ ማስፈራሪያ ሆነ። ዱላው ያሸነፈ ቢመስልም፣ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ማንኛውንም ማፍረስ ያዘገየው የዚያች ቀን ትዝታ ይመስለኛል።

ባለመሬቶቹ ሲመጡ

በ2008 ዬሽ ዲን የተባለ የእስራኤል የሰብዓዊ መብት ድርጅት፣ የፍልስጤም ባለመሬቶችን ወክሎ ስለ ቀሪው ኮረብታ አቤት አለ። ይህ ከፊተኛው ክስ ይለያል። ፊተኛው «ቤቶቹ ፈቃድ የላቸውም» የሚል ነበር። ይኼኛው «መሬቱ የእኔ ነው» ይላል። የሲልዋድና የአካባቢው ሰዎች በዮርዳኖስ ዘመን የተመዘገበ መሬታቸውን ይዘው ቀረቡ። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው የገፋ አረጋውያን ነበሩ። ከቤታቸው ሆነው ኮረብታውን ያዩታል፣ ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ መርገጥ አልቻሉም።

ክርክሩ በሕግ ረገድ ከባድ አልነበረም። መንግሥት ራሱ መሬቱ የግል ነው፣ ሰፈራው ሕገ ወጥ ነው አለ። ከባዱ ነገር ጊዜ ነበር። መንግሥት ቀን ይቆርጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ቀን ይጠይቃል። ፍርድ ቤት የተንከራተተ ሰው ሁሉ ቀጠሮ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በመሃል ሰፋሪዎቹ ከመሬቱ የተወሰነውን ገዝተናል የሚል ክርክር አመጡ። ፖሊስ ሰነዶቹን መርምሮ ሐሰተኛ ሆነው አገኛቸው።

በዲሴምበር 2014 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አሼር ግሩኒስ የተሰየሙበት ችሎት ፈረደ፦ አሞና በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 2016 ድረስ፣ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። ከክሱ እስከ ፍርዱ ስድስት ዓመት፣ ከፍርዱ እስከ መፈጸሚያው ሁለት ዓመት።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

ሁለቱ ዓመታት ለሰላማዊ ዝግጅት የተሰጡ ነበሩ። ግን መንግሥት የነቃው ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ያኔ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተሞከረ።

የመጀመሪያው ሕግ ማውጣት ነው። የቤንያሚን ኔታንያሁ ጥምር መንግሥት በግል መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶችን ወደ ኋላ ተመልሶ ሕጋዊ የሚያደርግ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ አሞናንም የሚያድን አንቀጽ ነበረው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሞሼ ካህሎን ግን የፍርድ ቤትን ውሳኔ የሚሽር ሕግ አልደግፍም ስላሉ አንቀጹ ከረቂቁ ተሰረዘ። የሚገርም ነው፤ ለአሞና ሲባል የተጀመረ ሕግ ከአሞና በቀር ሌላውን ሁሉ ሊያድን ሆነ።

ሁለተኛው እዚያው ኮረብታ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ነው። አጠገባቸው ያሉ ቁራሽ መሬቶች ባለቤቶቻቸው በ1967 ተሰደው የሄዱ፣ «ባለቤት የለሽ» ናቸው ተባለ። ሰፋሪዎቹ ወደዚያ ይዛወሩ። ይህን ተስፋ ይዘው በዲሴምበር አጋማሽ ያለ ግጭት ለመውጣት ተስማሙ፣ ፍርድ ቤቱም እስከ ፌብሩዋሪ 8 ጊዜ ጨመረላቸው። ነገር ግን «ባለቤት የለውም» የተባለው መሬት ባለቤት ነኝ ባይ ብቅ አለ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን ዘጋው።

ሦስተኛው ማካካሻ ነው። ለዛሬ የምንናገረው ዋናው ይኼ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን ዶናልድ ትራምፕ ዋሽንግተን ገቡ። በቀናት ውስጥ እስራኤል 2500 አዲስ ቤት በሰፈራዎች እንደምትሠራ አስታወቀች። አሞና ልትነሣ በነበረበት ዋዜማ ሌሊት ደግሞ ሌላ 3000። አስቡት፤ 40 ቤተሰብ ከአንድ ኮረብታ ሲወርድ፣ 5500 ቤት በሌሎች ኮረብቶች ላይ ይፈቀዳል።

ዓለም በዚያው ሰሞን ሌላ ቋንቋ ይናገር ነበር። ዲሴምበር 23 ቀን 2016 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2334ን በ14 ድምፅ አጸደቀ። ሰፈራዎቹ ሕጋዊ መሠረት የላቸውም ይላል፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንም ጨምሮ። የኦባማ አስተዳደር በመጨረሻ ሳምንታቱ ድምፅ ሳይሰጥ አሳለፈው። ውሳኔው ኮረብታው ላይ ምንም አልቀየረም። ኮረብታውን የቀየረው ያ የዮርዳኖስ የመሬት መዝገብ ነው።

መውጣቱ

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2017 ወደ 3000 ፖሊሶች ኮረብታውን ከበቡ። የ2006ን ስሕተት ላለመድገም መሣሪያ ሳይዙ፣ ፈረስ ሳይጨምሩ መጡ። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ እያለቀሱ፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ወጡ። ችግሩ የነበረው ከውጭ ከመጡት ወጣቶች ጋር ነው። መንገዱን በድንጋይና በሚነድ ጎማ ዘጉ። በማግሥቱ ምኩራቡ ውስጥ ዘግተው የተቀመጡትን ፖሊስ አንድ በአንድ እየተሸከመ አወጣቸው። ድንጋይና የሚያቃጥል ፈሳሽ ሲወረወር በርካታ ፖሊሶች ተጎዱ፣ አብዛኞቹ ቀላል ጉዳት ነው። በሁለት ቀን አለቀ።

ስለ ፖሊሶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በእስራኤል የድንበር ፖሊስ ውስጥ የሚያገለግሉ ቤተ እስራኤላውያን ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል በኪርያት አርባና በማዓሌ አዱሚም ሰፈራዎች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ከአገር ሲመጡ ማረፊያ ተብሎ የተሰጣቸው እዚያ ስለነበር። ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ለአንዳንዱ የወንድሙ ሥራ፣ ለአንዳንዱ የራሱ አድራሻ ነው።

ከወጡ በኋላ

ሰፋሪዎቹ ከአሞና በወጡ በአራተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 6፣ ክኔሴት ያን ሕግ በ60 ለ52 አጸደቀው። በሕጉ መሠረት በቅን ልቦና ወይም በመንግሥት ድጋፍ በሰው መሬት ላይ የሠራ ሰፋሪ ቤቱን ይዞ ይቀጥላል፣ ባለመሬቱ ደግሞ የኪራይ ዋጋ ከነጭማሪው ወይም ምትክ መሬት ያገኛል። ይሸጥልኝ አይሸጥልኝ የሚባል ነገር የለም። ወደ 4000 ቤቶች ይነካል ተብሎ ነበር።

ከገዢው ሊኩድ ፓርቲ ቤኒ ቤጊን «የዝርፊያ ሕግ» ብለው ተቃወሙት። አባታቸው ሜናኸም ቤጊን በ1977 ምርጫ እንዳሸነፉ ሰፋሪዎች ዘንድ ሄደው ገና ብዙ ኤሎን ሞሬዎች ይኖራሉ ያሉት ናቸው። ልጅየው የሰፈራ ተቃዋሚ አይደሉም። የሰው መሬት መውሰድን ነው የተቃወሙት። የመንግሥት ጠበቃ አቪሃይ ማንደልብሊትም ሕጉን ፍርድ ቤት ቆሜ አልከራከርለትም አሉ። ጁን 9 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ሻረው። የተለየ ሐሳብ የያዙት ዳኛ ኖዓም ሶልበርግ ራሳቸው የሰፈራ ነዋሪ ናቸው።

ለተነሡት ቤተሰቦች ግን አሚሃይ ተሰጠቻቸው። በማርች 2017 የእስራኤል ካቢኔ በሙሉ ድምፅ ያጸደቃት፣ ሺሎ አጠገብ ያለች አዲስ ሰፈራ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በይፋ የተወሰነች የመጀመሪያዋ አዲስ ሰፈራ ነበረች። በ2018 ገቡባት። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ መንግሥት አዲስ ሰፈራ በይፋ ከማወጅ ይቆጠብ ነበር። ያን ልማድ የሰበረው የፍልስጤማውያን የፍርድ ቤት ድል ነው። ያለ ፈቃድ የተጀመረች መንደር ፈርሳ፣ በፈቃድ የተሠራች መንደር ተተካች። ልክ እንደ ኤሎን ሞሬ።

ባለመሬቶቹ ምን አገኙ?

በወረቀት ላይ ሁሉን አገኙ። በእግር ግን ሌላ ነው። ከመውጣቱ በኋላም ኮረብታው በወታደራዊ ትእዛዝ ዝግ ሆኖ ቆየ። ሄዶ ማረስ፣ ወይን መትከል፣ በፈለጉ ጊዜ መግባት አልሆነላቸውም። ወደ ማሳው ለመግባት እንደገና ሌላ አቤቱታ፣ ሌላ ቀጠሮ። በዲሴምበር 2018 በአቅራቢያው በመንገድ ዳር ሁለት የእስራኤል ወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ሰፋሪዎች ተመልሰው ሁለት ካራቫን አቆሙ። በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ፖሊስ አስወጣቸው። ትእዛዙ በሁለቱም ወገን ላይ ነው ይባላል። ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው በዚያ ትእዛዝ የገዛ መሬቱን የሚከለከለው።

ይህ የሆነው ጠበቆቹ ደካማ ስለነበሩ አይደለም። ክሱ ያሸነፈው ጠባብ ስለሆነ ነው። ባለመሬቶቹ «እስራኤል እዚህ ምን ታደርጋለች?» ብለው አልጠየቁም። «ይህ ቁራሽ የማን ነው?» ብለው ነው የጠየቁት። ፊተኛውን ጥያቄ የእስራኤል ፍርድ ቤት በጠቅላላው መንገድ ለመመለስ ፈቃደኛ ሆኖ አያውቅም፤ የፖለቲካ ነው ይላል። ሁለተኛውን ይመልሳል። ስለዚህ መልሱም በቁራሹ ልክ ሆነ። ሰፋሪዎቹ የወጡት ሰፋሪ ስለሆኑ ሳይሆን የተሳሳተ ቁራሽ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ሁለት ሸለቆ ተሻግረው «የመንግሥት መሬት» ላይ ሲቀመጡ በእስራኤል ሕግ ችግር የለም።

በዓለም አቀፍ ሕግ ግን ይህ ልዩነት የለም። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ አንቀጽ 49፣ የያዘ ኃይል የራሱን ሕዝብ ወደያዘው ግዛት ማዛወር አይችልም ይላል። የግል መሬት ይሁን የሱልጣን መሬት አይለይም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 እስራኤል በዌስት ባንክ ስለሠራችው ግንብ በሰጠው አስተያየትም፣ በጁላይ 2024 በሰጠውም ሰፈራዎቹ ሕገ ወጥ ናቸው ብሏል። የእስራኤል መንግሥት መልስ አለው፦ የዮርዳኖስን ባለቤትነት ዓለም ከእንግሊዝ በቀር ተቀብሎት አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ግዛቱ «የተያዘ» ሳይሆን «አከራካሪ» ነው፣ ስምምነቱም በቀጥታ አይሠራበትም። ይህን ክርክር ከእስራኤል ውጪ የሚቀበለው መንግሥት በጣም ጥቂት ነው። እኔንም አያሳምነኝም። ባለቤቱ አከራካሪ ነው ከተባለ፣ ክርክሩ ሳያልቅ አንዱ ተከራካሪ ብቻውን ቤት የሚሠራበት ምክንያት የለም።

አሁን መዝገቡ ራሱ

ከአሞና ወዲህ ነገሩ ቆሞ አልጠበቀም። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጪ ብቻ በዌስት ባንክ ያሉት ሰፋሪዎች 500,000 ያህል ደርሰዋል። በ2023 ስልጣን ላይ የነበረው መንግሥት የሰፈራ ጉዳዮችን ብዙ ሥልጣን ከሠራዊቱ ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር ወደነበሩት ወደ ቤዛሌል ስሞትሪች አዛወረ፤ እሳቸው ራሳቸው ሰፋሪ ናቸው። ያለ ፈቃድ የተጀመሩ ዘጠኝ ሰፈራዎች በአንድ ውሳኔ እንዲፈቀዱ ተደረገ። በሜይ 2025 ሌላ 22 ሰፈራ ተፈቀደ፤ ከፊሉ ያለ ፈቃድ የተጀመረ፣ ከፊሉ አዲስ። ከአሞና በታች ባለችው ታይቤ ደግሞ በጁላይ 2025 የቅዱስ ጊዮርጊስ ፍርስራሽ አጠገብ እሳት ተነሥቶ የመንደሩ ካህናት በሰፋሪዎች ላይ አቤት አሉ።

ብዙ ሰው ልብ ያላለው ግን በዚያው በሜይ 2025 የተወሰነ ሌላ ነገር አለ። የእስራኤል ካቢኔ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቆሞ የነበረው የመሬት ምዝገባ በዞን ሲ እንዲቀጥል ወሰነ። ዞን ሲ በኦስሎ ስምምነት ሙሉ በሙሉ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር የቀረው፣ ከዌስት ባንክ 60 በመቶ ያህሉ ነው። ሲሰሙት የቢሮ ሥራ ይመስላል። አሞናን ላየ ግን ዋናው ሜዳ እሱ ነው። የሲልዋድ ገበሬዎች የረቱት አያቶቻቸው በዮርዳኖስ ዘመን ስለተመዘገቡ ነው። ምዝገባው ያልደረሰበት የጎረቤት መንደር ሰው አሁን መዝጋቢው እስራኤል ሆና፣ መሬቱ የእሱ መሆኑን እሱ ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ወራሹ አማን ወይም ቺካጎ ቢሆንስ? የአያቱ ውል ጠፍቶ ቢሆንስ? ማሳው በወታደር ተዘግቶበት ለዓመታት ጦም አድሮ ከሆነስ? ያልተረጋገጠው ለመንግሥት ይመዘገባል፤ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ማስቀየሩ ከባድ ነው።